ጸጥ ያለ ባሕርና በዳርቻው ያሉ ሰዎች
(በጥሊሊ ለተሰበሰቡ ተማሪዎችና መምህራን የተደረገ ንግግር፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ሥዕል ነው። «ባሕር ለሌለው አገር የባሕር ዳር ሥዕል ምን ይረባዋል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ መልሱን ከሥዕሉ ከራሱ እንፈልግ።

ፈረንሳዊው ክሎድ ሞኔ በ1867 ዓ.ም. በለ ሃቭር ወደብ አጠገብ የሚገኘውን የሴንት አድሬስን የባሕር ዳርቻ ሣለ። ከላይ ደመና የሞላበት ሰፊ ሰማይ፥ ከታች የረጋ ባሕር፥ ከፊት ለፊትም ወደ የብስ የተጎተቱ የዓሣ አጥማጆች ጀልባዎች ይታያሉ። ሲመለከቱት ልብን ያሳርፋል። ሞኔ ግን በዚያ ዓመት ገንዘብ አጥቶ በዘመዶቹ ቤት ተጠግቶ ነበር፤ በነሐሴ ወር የበኵር ልጁ ፓሪስ ላይ ሲወለድ እጁ ባዶ ነበር። የሥዕሉ ጸጥታ እንግዲህ ከሠዓሊው ምቾት አልመጣም፤ በትዕግሥት ከማየት የመጣ ነው።

በዚያው ዓመት ያንኑ ዳርቻ ደግሞ ሣለው። ይህ ሁለተኛው ሥዕል በኒው ዮርክ በሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛል። በእርሱ ላይ ፀሐይ ወጥታለች፥ ውኃው ሞልቷል፤ አምረው የለበሱ ሰዎች የጀልባ እሽቅድምድም ይመለከታሉ። በመጀመሪያው ግን ቀኑ ደመና፥ ውኃውም የሸሸ ነው፤ ከፊት የቆሙትም ሠርተው አዳሪዎች ናቸው። ባለ መነጽሩ ተመልካች ከውኃው ጠርዝ ላይ ትንሽ ሆኖ ይታያል። ቦታው አንድ ሲሆን ለአንዱ መዝናኛ፥ ለሌላው የዕለት እንጀራ ነው።

በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ብርሃን ከሰዓት ጋር አይለዋወጥም፤ የቅዱሳን ብርሃን ነውና። ሞኔና ጓደኞቹ ግን የአንዲት ሰዓት ብርሃን ለመያዝ ሸራቸውን ይዘው ወደ ውጭ ወጡ። በ1874 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ሥዕሎቻቸውን ለሕዝብ ሲያሳዩ፥ አንድ ተቺ ከሞኔ ሥዕሎች ከአንዱ ስም ወስዶ በፌዝ «ኢምፕረሽኒስቶች» አላቸው። ፌዙ ስማቸው ሆኖ ቀረ።

የመጀመሪያው ሥዕል ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ በአሜሪካ በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ይገኛል። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም የተማሩት በዚሁ ተቋም ትምህርት ቤት ነው፤ ወደ አገራቸው ተመልሰውም በ1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መሠረቱ። ስለዚህ ሥዕሉ ለእኛ ፍጹም ባዕድ አይደለም።

ባሕር ባይኖረን ዘንገና አለን። ከጥሊሊ ወደ እንጅባራ የሚሄድ መንገደኛ፥ እሳተ ገሞራ በከፈተው ጕድጓድ ውስጥ የተኛውን ሐይቅ አይቶ «እንዴት ያለ ጸጥታ ነው!» ብሎ ያልፋል። ይህ ሰው ያንን ባለ መነጽር ይመስላል። በአካባቢው ከብት የሚጠብቀው እረኛ፥ እንጨት ተሸክማ የምታልፈው እናት ግን ቦታውን በሌላ ዓይን ያዩታል።

ከመካከላችን ብሩሽ ወይም ብዕር የሚያነሣ ቢኖር፥ የዘንገናን ውበት ሲገልጽ ያችን እናት ከነሸክሟ እንዳይተዋት አደራ እላለሁ። እርሷ የሌለችበት ጸጥታ ግማሽ እውነት ነው።