ማን ቀረ?

(በውርጌሳ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የተደረገ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ውርጌሳና አካባቢዋ ልጆቻቸውን ሲሸኙ ኖረዋል። በ1977 ዓ.ም. ረኃቡ ወሎን በመታ ጊዜ ብዙ ቤተ ሰብ በሰፈራ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ መተከል ተወስዷል። ከዚያም ወዲህ ብዙ ወጣቶች ሥራ ፍለጋ ወደ ዓረብ አገር ተጉዘዋል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ነዋሪውን ከቀዬው አፈናቀለው። ስለዚህ በንግሥ በዓልና በእንቍጣጣሽ ሰሞን የቤተ ዘመድም ሆነ አብረው የተማሩ ሰዎች ጉባኤ ሲጠራ፣ የተበተነው የሚሰበሰብበት ቀን ነውና ቀላል ነገር አድርገን አንየው።

ጌታችን የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለ ቤተ ሰቡ ለፋሲካ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም የተጓዙት ከዘመድና ከወዳጅ ጋር በኅብረት እንደ ነበር ቅዱስ ሉቃስ ጽፎልናል። እመቤታችንና ቅዱስ ዮሴፍ ሲመለሱ ልጃቸው ከዘመድ መካከል ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ መሄዳቸው፣ ዘመድ ምን ያህል ይታመን እንደ ነበር ያሳያል።

ካህናት አባቶቻችን የሚገጥማችሁን አንድ ነገር እናንሣ። ለጋብቻ የሚመጡ ወጣቶች ዘር ቍጠሩ ሲባሉ ብዙዎቹ ከአያታቸው አያልፉም። በኢሉባቦር የተወለደውና እዚህ የተወለደችው፣ ሰባት ትውልድ የሚቈጥረው ሽማግሌ በሕይወት ሳለ ካልተገናኙ፣ ዝምድናቸውን ማን ይነግራቸዋል? በወሎ ደግሞ በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አለ። ዕርዱና ማዕዱ ለየብቻ ተዘጋጅቶ፣ ጨዋታው በአንድ ዳስ ሲሆን፣ ልጆች ወገናቸውን ሁሉ ያውቃሉ።

የትምህርት ቤት ጓደኞች ጉባኤም እንዲሁ ነው። የጣሪያ ማሳደሻ ገንዘብ ከሩቅ ሊላክ ይችላል። ያስተማሩንን መምህር በሕይወት ሳሉ ማመስገን፣ በጦርነቱ ልጁን ያጣ ጓደኛን ማጽናናት ግን በአካል መገኘትን ይጠይቃል።

ይሁን እንጂ ብዙዎች ይቀራሉ፤ የሚቀሩትም ሁሉ ረስተውን አይደለም። ከዓረብ አገር ባዶ እጁን የተመለሰ፣ ሥራ ያጣ፣ ከወንድሙ ጋር በመሬት ተጣልቶ ያልታረቀ ሰው ያፍራል። የእያንዳንዱ ስጦታ መጠን ከነስሙ በድምፅ ማጉያ ሲነገር፣ እርሱ በማን ፊት ይቀመጥ? በዚህ የእኛም ጥፋት አለበት። ጉባኤውን የመዋጮ መድረክ ብቻ ስላደረግነው፣ መስጠት ያልቻለው የተጠራ አልመሰለውም።

ስለዚህ አራት ነገር አደራ እንላለን። ቀኑ ከጾምና ከአጨዳ ወራት ውጭ ሆኖ ቀደም ብሎ ይነገር። መዋጮው ስም ሳይጠራ በሙዳየ ምጽዋት ይግባ። የተጣሉ ካሉ ሽማግሌዎች ከቀኑ በፊት ያስታርቋቸው። ሽማግሌዎች የሚቈጥሩት ትውልድም በአጥቢያው መዝገብ ይጻፍ።

ጉባኤው ሲያበቃ ስንት ብር እንደ ተሰበሰበ ከመጠየቃችን በፊት ማን እንደ ቀረ እንጠይቅ። የቀረውንም በማግሥቱ ቤቱ ድረስ ሄደን እንየው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።