ጀርባን እንደ ደጋን አጥፎ በአንድ እግር መቆም
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



በነሐሴና በመስከረም ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚጓዝ ሰው በየማሳው አንድ ተመሳሳይ ነገር ያያል። ጤፍ የሚያርመው ገበሬ ለብዙ ሰዓት አጎንብሶ ከቆየ በኋላ ቀና ይልና፥ ሁለት እጆቹን ወገቡ ላይ አሳርፎ ጥቂት ወደ ኋላ ይንጠራራል። ይህን ማንም አላስተማረውም። ወደ ፊት ታጥፎ የዋለ ጀርባ ዕረፍቱን የሚያገኘው ወደ ኋላ በመታጠፍ ስለሆነ ነው።

የዛሬው ንግግር ርእስ የዚህ መንጠራራት እጅግ የከበደው ደረጃ ነው። በህንድ የዮጋ ትምህርት ናታራጃሳና የሚባል አቋቋም አለ፤ ስሙም የጭፈራ ጌታ አቋቋም እንደ ማለት ነው። ሠሪው በአንድ እግሩ ይቆማል፤ ሌላውን እግሩን ከኋላው አንሥቶ በእጁ ይይዛል፤ ጀርባውም እንደ ደጋን ይወጠራል። ህንዳዊው መምህር ቢ. ኬ. ኤስ. አይንጋር እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ ይህ አቋቋም ይገኛል። ዛሬ በብዙ አገር ይሠራል። አንዱ እየተንቀጠቀጠና ትንፋሹን አምቆ ሲታገል፥ ሌላው ፊቱ ሳይኮማተር በእርጋታ ይሠራዋል። ልዩነቱ ከጉልበት ብቻ የመጣ አይደለም። ምክንያቶቹ ሦስት ሲሆኑ፥ ሦስቱም ለመሐንዲስ እንግዳ አይደሉም።

የመጀመሪያው የጭነት አከፋፈል ነው። የሰው አከርካሪ የሚንቀሳቀሱ 24 አጥንቶች አሉት፤ 7ቱ የአንገት፥ 12ቱ የደረት፥ 5ቱ የወገብ ናቸው። የደረቱ ክፍል ከጎድን አጥንት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ወደ ኋላ በቀላሉ አይታጠፍም። ስለዚህ የሚቸኩል ሰው መታጠፉን ሁሉ በታችኛው ወገቡ ላይ ይጥለዋል። ጥንካሬዋ በአንድ ቦታ ድንገት የሚቀንስ ተሸካሚ አግዳሚ ስትጫን የምትታጠፈውና የምትሰነጠቀው እዚያው ቦታ ላይ እንደሆነ የታወቀ ነው። በመሆኑም የወገብ ሕመም የመሻሻል ምልክት ሳይሆን፥ ጭነቱ በአንድ ነጥብ ላይ መከማቸቱን የሚናገር ማስጠንቀቂያ ነው። መፍትሔውም የጭኑን የፊት ጡንቻ፥ የዳሌውን መጋጠሚያ፥ ደረቱንና ትከሻውን አስቀድሞ ማፍታታት ነው። በዚህ ረገድ የጎጃም እስክስታ ጥሩ አስተማሪ ነው። በእስክስታ ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ትከሻና ደረት ናቸውና።

ሁለተኛው የክብደት ማእከል ጉዳይ ነው። በአንድ እግር ለቆመ ሰው መሠረቱ የአንድ ውስጥ እግር ስፋት ብቻ ነው። እግር ወደ ኋላ ሲነሣ ደረትና የተቀረው እጅ በልኩ ወደ ፊት መዘርጋት አለባቸው። እንስራ በጀርባዋ ተሸክማ ከምንጭ የምትመለስ የገጠር ሴት ይህን ሕግ በየቀኑ ትፈጽመዋለች። ውሃው ወደ ኋላ የሚስባትን ያህል እርሷ ወደ ፊት ታዘነብላለች። የቆመው እግር ደግሞ በተረከዝ፥ በአውራ ጣት ሥርና በትንሿ ጣት ሥር እኩል መሬቱን መርገጥ ይኖርበታል። ሚዛንን ለአንጎል የሚያስታውቁት የውስጥ ጆሮ፥ ዓይንና በጡንቻና በመጋጠሚያ ያሉ ነርቮች ናቸው። ስለሆነም ዓይንን በማይንቀሳቀስ ነገር ላይ መትከል ትልቅ እገዛ ነው። ጸጥ ብሎ የቆመ የሚመስለው ሰው እንኳ በቁርጭምጭሚቱ ያለማቋረጥ ጥቃቅን እርማት ያደርጋል። ጨርሶ ላለመወዛወዝ ብሎ ሰውነቱን የሚያደርቅ ግን ቶሎ ይወድቃል።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። የገጠር ልጃገረድ የምትጀምረው በትንሽ ዕቃ ነው፤ እንስራውን የምትሸከመው አጥንቷና ጡንቻዋ ከጠነከሩ በኋላ ነው። እረኛው ቆሞ ሲያርፍ በዱላው ይደገፋል፤ በረጅሙ የሌሊት ማኅሌት የሚቆሙ ሊቃውንትም መቋሚያ ይይዛሉ። ጀማሪም ግድግዳ ወይም ዱላ ቢይዝ መሠረቱን ማስፋቱ እንጂ ማፈሩ አይደለም። እግሩን በእጁ መድረስ ያልቻለ በነጠላ ወይም በመቀነት ጠምጥሞ ይያዘው። ትንፋሹ ከታፈነ ከአቅሙ አልፏልና አንድ ደረጃ ይመለስ።

ይህ ሁሉ ለማኅበሩ አባላት መነሣቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በኮምፒውተር ፊት አጎንብሶ የሚውል፥ ወይም ከአዲስ አበባ እስከ ቡሬ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ወደ ሥራ ቦታ የሚሄድ ባለሙያ፥ ጀርባው እንደ አራሚው ገበሬ ታጥፎ ይውላል፤ ልዩነቱ ቀና ብሎ መንጠራራትን መርሳቱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በሥዕል ያየውን አቋቋም በአንድ ቀን ልሥራው ቢል ጉዳቱ ቀላል አይሆንም። የዲስክ መንሸራተት ወይም ወደ እግር የሚወርድ ሕመምና መደንዘዝ ያለበት ሐኪም ሳያማክር አይሞክረው። ለብዙዎችም በየሰዓቱ ተነሥቶ፥ ወገብን ይዞ፥ ደረትን ከፍቶ ጥቂት መንጠራራት በቂ ጅማሬ ነው።

ማንም መሐንዲስ ሊፈርስ እስኪል የተጫነን ድልድይ ጠንካራ አይለውም፤ ጠንካራ የሚለው ከተጫነበት በላይ የሚችል ትርፍ አቅም ያለውን ነው። የጀርባም ነገር እንዲሁ ነው። በእርጋታ የሚሠራ ሰው ቅለቱ የደኅንነቱ ትርፍ ነው። ስለዚህ ልምምዱን የጀመረ ሁሉ እግሩ ምን ያህል ከፍ እንዳለ ከመለካቱ በፊት፥ እዚያው ቆሞ አምስት ጊዜ በእርጋታ መተንፈስ መቻሉን ይመርምር። ካልቻለ እግሩን ዝቅ ያድርግ።