በሻንጣ የሚመጣው በርበሬ

በሙሀይስና በማኅበራችን የእሁድ ስብሰባ ላይ የተነገረ

 

ዛሬ የማወራው ስለ በርበሬያችን ነው። በጋራ ማስመጣት ከጀመርን ወዲህ የሻገተ ሲገኝ "ፀሐይ ላይ ይሰጣና ከጥሩው ጋር ይቀላቀል" የሚል ሐሳብ ይነሳል። ደክመን ያገኘነው ገንዘብ ስለሆነ መጣሉ ያሳዝናል። ግን መቀላቀል የለብንም። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ሙቀትና እርጥበት ሲገናኙ በርበሬ፣ ለውዝና በቆሎ ላይ የሚበቅል ሻጋታ አለ። የሚያወጣው መርዝ አፍላቶክሲን ይባላል። የታወቀው በ1960 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ከ100 ሺህ በላይ የቱርክ ዶሮዎች ካለቁ በኋላ ነው። መኖአቸው ውስጥ የተበላሸ የለውዝ ፋጉሎ ነበረበት። በ2004 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ የሻገተ በቆሎ በልተው 125 ሰዎች ሞተዋል። በብዛት ከተበላ ጉበትን ወዲያው ይጥላል፤ ለዓመታት በትንሽ በትንሹ ሲገባ ደግሞ የጉበት ካንሰር ያመጣል። ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ላይ ይብሳል።

አገራችንም አለ። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የተሰበሰበ 110 የወተት ናሙና ተመርምሮ ውጤቱ በ2016 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በሁሉም ውስጥ ከዚሁ መርዝ የሚመጣው ዓይነት ተገኝቷል፤ ትንሽ ያለበትም ብዙ ያለበትም ነበር። ዋናው ምንጭ ላሞቹ የሚበሉት የኑግ ፋጉሎ ነው።

እንዴት አወቁት? ሻጋታው አንድ ጥግ ላይ ብቻ ሊሆን ስለሚችል ናሙናው ከጆንያው ከላይም ከመሐልም ከሥርም ይወሰዳል። ይፈጫል፣ በአልኮልና በውሃ ይበጠበጣል፣ ይጣራል። ከዚያ መርዙን ብቻ ለይቶ በሚይዝ ቱቦ ውስጥ ያልፋል። በመጨረሻ አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያርፍበት መርዙ ራሱ ያበራል፤ አንዱ ዓይነት ሰማያዊ፣ ሌላው አረንጓዴ። ማሽኑ ድምቀቱን ይለካል። እንደ እርግዝና መመርመሪያ መስመር የምታሳይ ፈጣን መመርመሪያም አለች።

የአውሮፓ ኅብረት ለበርበሬ የፈቀደው በኪሎ እስከ 10 ማይክሮ ግራም ነው። ይሄ ማለት በ1,000 ኩንታል በርበሬ ውስጥ 1 ግራም ማለት ነው! ምላስ አያውቀውም። የሸክላ ዱቄት የተቀላቀለበት በርበሬ ውሃ ውስጥ ሲገባ ይዘቅጣል፣ ይሄ ግን አይታይም። ፀሐይ ሻጋታውን ቢያደርቀውም መርዙን አያወጣውም። ወጡ ቀኑን ሙሉ ቢንተከተክም አይጠፋም። ከጥሩው ጋር መቀላቀል ጥሩውን ማበላሸት ነው።

የዱባይ ማዘጋጃ ቤት ምግብ የሚመረምር ማዕከላዊ ላቦራቶሪ አለው። ከሱቅ የገዛችሁት ምግብ ካጠራጠራችሁ 800900 ደውሉ። በሻንጣ የመጣው በርበሬ ግን ላቦራቶሪ አያይም። ስለዚህ መጠበቅ ያለብን እኛው ነን።

ሦስት ነገር እንድንወስን እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ የተፈጨ ሳይሆን ዛላውን እናስመጣ። ዱቄት ሻጋታ ይደብቃል፤ ዛላ ግን ተሰብሮ ውስጡ ይታያል። ዛላው ንጹሕ መስሎ መርዝ ሊኖርበት ይችላል፣ ቢሆንም የሻገተውን ለይቶ መጣል አደጋውን ይቀንሳል።

ሁለተኛ፣ በደንብ የደረቀውን ብቻ አስፈጭተን በሚከደን ዕቃ እናስቀምጥ። እርጥብ ማንኪያ አይግባበት። በረንዳ ላይም አይደር፣ የነሐሴን ወበቅ ታውቁታላችሁ። ቦታ ያላት ፍሪጅ ውስጥ ታስገባው።

ሦስተኛውና ዋናው፣ የሻገተ ሲገኝ ይጣል፣ ኪሳራውም ከመዋጮ ሣጥናችን ይሸፈን። ኪሳራው በአንዷ ላይ ብቻ ከወደቀ ትደብቀዋለች፣ ሁላችንም እንበላዋለን። ለታመመች እናዋጣ የለ? እንዳትታመም ማዋጣት ደግሞ ይረክሳል።

የምትስማሙ እጃችሁን አውጡ።