ዶሮን በማርና በበርበሬ ጋግሮ በጤና ስለ መብላት

ለቤት እመቤቶች የተሰጠ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ እራት ነው። እራቱ ዶሮ ነው፤ ነገር ግን ዶሮ ወጥ አይደለም። የዶሮ ወጥ ሽንኩርቱ ተከትፎ፣ ቁሌቱ በስሎ እስኪደርስ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ከእናንተ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ይህ ግን በማር፣ በንጥር ቅቤና በበርበሬ ተለውሶ የሚጋገር፣ ጣፋጭነትንና ቅመምን አንድ ላይ የያዘ ምግብ ነው። ብልቱ ከወጣ በኋላ ብዙ ድካም የለውም። ከሥራ ለሚመለስ ቤተ ሰብም፣ በድንገት ለመጣ እንግዳም ይመቻል።

«ታዲያ ስለ ጤና በሚናገር ወረቀት የወጥ ቤት ሙያ ምን አመጣው?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ምክንያቱ ይህ ነው፤ ጥሬ ዶሮ በወጥ ቤት ውስጥ ብዙ ጥንቃቄ ከሚሹት ነገሮች አንዱ ነው። ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ጀርሞች በዶሮ አንጀት ውስጥ ይኖራሉ። ዶሮዋ ግን ጤነኛ ናት፤ ትጭራለች፣ ትበላለች፣ እንቁላል ትጥላለች። ስትታረድና ስትበለት ጀርሞቹ ወደ ሥጋው ይሻገራሉ። ሥጋው አይሸትም፣ መልኩም አይለወጥም። ስለዚህ በዓይንና በአፍንጫ ብቻ አይቶ «ይህ ዶሮ ንጹሕ ነው» ማለት አይቻልም።

እነዚህ ጀርሞች ወደ ሆድ ሲገቡ ተቅማጥ፣ ቁርጠትና ትኩሳት ያመጣሉ። ካምፒሎባክተር ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ከተበላ ከ2 እስከ 5 ቀን ቆይቶ ነው። በዚህ የተነሣ የታመመው ሰው ከሦስት ቀን በፊት የበላውን አያስታውስም፤ «ምች መታኝ፣ ሆዴን ብርድ ገባው» ይላል። ዐዋቂ ሰው ጥቂት ቀን ተሠቃይቶ ይድን ይሆናል። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር፣ ሽማግሌና አሮጊት፣ ወይም በሌላ በሽታ የተዳከመ ሰው ግን በብርቱ ይጎዳል። ሕፃን በተቅማጥ ምክንያት ውሃው ካለቀ በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። እንግዲህ ጉዳዩ የሙያ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ደስ የሚለው ነገር፣ እነዚህ ጀርሞች እሳትን አይችሉም። ዶሮው እስከ ውስጡ በደንብ ከበሰለ ይሞታሉ። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ዶሮው በእሳት ይነጻል፤ ዶሮውን የነካው ቢላዋ ግን እሳት አያይም። መክተፊያውም፣ ጨርቁም፣ የጨው ዕቃውም፣ የሴትየዋ እጅም እንዲሁ። ከጥሬ ዶሮ የተንጠባጠበች አንዲት ጠብታ ሰላጣ ላይ ብትወድቅ ለማሳመም ትበቃለች። ስለዚህ ዋናው ጥበብ የሥራውን ቅደም ተከተል ማወቅ ነው።

ስለ አጠባው

ብዙ እናቶች እንዲህ ሲሉ ይጠይቃሉ፤ «እኛ ዶሮን ደጋግመን በሎሚና በጨው እናጥባለን፤ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ። ይህ አይበቃም ወይ?»

ሎሚና ጨው ደሙንና ጠረኑን ያስወግዳሉ፤ ለጣዕሙም ይረዳሉ። ጀርሙን ግን አይገድሉትም። ጀርሙን የሚገድል እሳት ብቻ ነው። እንዲያውም ዶሮው ውሃ በሚወርድበት ቧንቧ ሥር ሲታጠብ ውሃው እየተፈናጠቀ በአጠገቡ ባለው ብርጭቆ፣ እንጀራና ሰላጣ ላይ ያርፋል። ከመደብር ተበልቶና ጸድቶ የተገዛ ዶሮ ከሆነ ባይታጠብ ይሻላል፤ በንጹሕ ወረቀት ጠረግ ማድረግ ይበቃል።

በቤት የታረደ ዶሮ ግን ላባና ደም ስላለው ማጠብ ግድ ይሆናል። ይህ ሲሆን በጎድጓዳ ሳፋ ውስጥ ውሃ አድርጎ፣ ሥጋውን ውሃው ውስጥ እንዳለ ቀስ ብሎ ማሸት ነው። ውሃው አይፈናጠቅ። በአጠገቡ የሚበላ ነገር አይቀመጥ። እጣቢው ሕፃናት በማይጫወቱበት ስፍራ ይደፋ። ሳፋው በሳሙና ይታጠብ፤ እጅም እንዲሁ።

ላባው የሚነጭበትና አንጀቱ የሚወጣበት ስፍራ ከወጥ ቤት ውጭ ቢሆን መልካም ነው። ላባውና ሆድ ዕቃው ጉድጓድ ተቆፍሮ ይቀበር። ለበዓል የተገዛ ዶሮ እግሩ ታስሮ ወጥ ቤት ውስጥ የሚያድርበት ልማድም ቢቀር ይሻላል። ኩሱ ወለሉ ላይ ይቀራል፤ በዳዴ የሚሄደው ሕፃን ደግሞ በማግሥቱ እጁን ከዚያ አንሥቶ ወደ አፉ ይወስዳል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለስድስት ሰው፤

አንድ ዶሮ፣ ብልቱ የወጣ፤
3 የሾርባ ማንኪያ ማር፤
2 የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ፣ የቀለጠ፤
1 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፤
የ2 ሎሚ ጭማቂ፤
4 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ የተወቀጠ፤
አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል፣ የተወቀጠ፤
1 የሻይ ማንኪያ ጨው፤
4 ቀይ ሽንኩርት፣ 4 ድንችና 4 ካሮት።

የሥራው ቅደም ተከተል

1ኛ፤ እጅን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 20 ሰኮንድ ያህል መታጠብ። ቧንቧ ከሌለ ሌላ ሰው በማስታጠቢያ ያፍስስ። የታጠበ እጅ በንጹሕ ፎጣ ይደርቅ እንጂ በቀሚስ ወይም በነጠላ ጫፍ አይጠረግ።

2ኛ፤ ዶሮው ገና ሳይነካ አትክልቱን ሁሉ ማዘጋጀት። ሽንኩርቱ፣ ድንቹና ካሮቱ ታጥበው፣ ተልጠው፣ ተቆርጠው በመጋገሪያው ሳሕን ላይ ይነጠፉ። ድንቹና ካሮቱ ቶሎ እንዲበስሉ ትንንሽ ተደርገው ይቆረጡ። ሰላጣም የሚቀርብ ከሆነ አሁኑኑ ተሠርቶ፣ ተከድኖ፣ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። መጀመሪያ አትክልት፣ በመጨረሻ ዶሮ፤ ይህን ቅደም ተከተል የያዘች ሴት ከአደጋው አብዛኛውን አስቀርታለች።

3ኛ፤ ቅመሙን በሁለት ዕቃ መክፈል። በአንደኛው ቅቤ፣ በርበሬ፣ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጨው ይደባለቁ። በሁለተኛው ማሩ ብቻውን ይቀመጥ። ጨውና በርበሬውን አስቀድሞ ለክቶ ማውጣት ይገባል፤ ዶሮ በነካ እጅ ወደ ጨው ዕቃው መመለስ አይገባምና።

4ኛ፤ አሁን ዶሮው ይምጣ። መላላጫውና እግሩ ወፍራም ስለ ሆነ በቢላዋ ሁለት ሦስት ጊዜ ይሰንጠቅ፤ ቅመሙም ወደ ውስጥ ይገባል፣ እሳቱም ይደርሰዋል። ከቅመሙ ጋር ተለውሶ ግማሽ ሰዓት ያህል ተከድኖ በማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆይ። ማቀዝቀዣ የሌላት ሴት ሳታቆይ ወዲያው ትጋግረው። ከጥሬው ዶሮ የተረፈ ቅመም ይደፋ፤ ለማባያ አይቅረብ።

5ኛ፤ ዶሮው ወደ እሳት ሳለ ቢላዋውን፣ መክተፊያውንና ሳፋውን በሙቅ ውሃና በሳሙና ማጠብ። ከዚያ በኋላ የፈላ ውሃ ማፍሰስ ነው። ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ በረኪና በ4 ሊትር ውሃ ተበጥብጦ መክተፊያው ላይ ይፍሰስ፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅ። ዶሮ የተጠረገበት ጨርቅ እስኪፈላ ድረስ ለሌላ ሥራ አይዋል።

6ኛ፤ ኦቨን በሚባለው መጋገሪያ ውስጥ አስቀድሞ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሙቆ ዶሮውን በአትክልቱ ላይ ደርድሮ 35 ደቂቃ ያህል መጋገር። ከዚያ አውጥቶ ማሩን በንጹሕ ማንኪያ ከላይ መቀባትና ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መመለስ። ማሩ ከመጀመሪያው ቢገባ ኖሮ ስኳሩ ቶሎ ያርና ላዩ ይጠቁራል፤ ላዩ የጠቆረ ዶሮ ደግሞ የበሰለ መስሎ ያታልላል። ብዙ ሰው «ላዩ ቀልቷል፣ በቃ ደርሷል» ብሎ ሲያወጣው ከአጥንቱ አጠገብ ጥሬ ሆኖ ይገኛል። ማሩ በመጨረሻ እንዲቀባ የተባለው ለጣዕሙም ለጤናውም ነው።

ኦቨን የሌላት እመቤት አትቸገር። ድፎ ዳቦ በምትጋግሪበት መንገድ፣ በወፍራም ድስት አድርገሽ፣ እሳት ከታችና ከክዳኑ በላይ አድርገሽ መጋገር ትችያለሽ። እሳቱ ለዘብ ይበል፤ ጊዜው ግን ወደ አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይሄዳል። ከሰል የሚነድበት ቤት መስኮቱም በሩም ይከፈት። የከሰል ጭስ ባይታይም ሰው ይገድላል፤ በተዘጋ ክፍል ምድጃውን ይዞ መተኛት ፈጽሞ አይገባም።

መብሰሉን ስለ ማወቅ

እርግጠኛው መለኪያ የምግብ ቴርሞሜትር ነው። በመላላጫው ወፍራም ስፍራ፣ አጥንቱን ሳይነካ ሲሰካ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካሳየ ዶሮው በስሏል። ቴርሞሜትር በሌለበት ቤት ወፍራሙን ብልት እስከ አጥንቱ መቅደድ ነው። የሚወጣው ጭማቂ ጥርት ያለ፣ ሥጋው ቀይ ወይም ሐምራዊ ያልሆነ፣ ከአጥንቱም በቀላሉ የሚላቀቅ መሆን አለበት። ጥርጣሬ ካለ አሥር ደቂቃ መጨመር ነው። ለዶሮ አሥር ደቂቃ ቢበዛበት ጉዳቱ ጥቂት መድረቅ ነው፤ ቢያንስበት ግን ጉዳቱ ለልጅ ይተርፋል። የበሰለው ዶሮ ጥሬው ወደ ነበረበት ሳሕን ፈጽሞ አይመለስ።

ስለ ማርና ስለ ሕፃናት

አሁን የምናገረውን እናቶች በተለይ አድምጡኝ። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም። በጣት ነክሮ ማቅመስም ቢሆን፣ በማር የተሠራ ምግብም ቢሆን አይሰጥም። በማር ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ ጀርም እንደ ዘር ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በትልቅ ሰው ሆድ ውስጥ ጉዳት አያደርስም። በሕፃን አንጀት ውስጥ ግን በቅሎ መርዝ ያወጣል፤ የሕፃኑ ጡንቻ ይዝላል፣ መጥባት ያቅተዋል፣ መተንፈስም ሊሳነው ይችላል። ይህ ዘር ከሳልሞኔላ የተለየ ነው፤ በቤት ምድጃ ሙቀት አይሞትም። ስለዚህ «ተጋግሯልና ምንም አይለውም» አይባልም። ለሕፃኑ ከሆነ ማር ያልነካው፣ በርበሬም የሌለው፣ በደንብ የበሰለ ብልት ለብቻው ይዘጋጅለት፤ ይህም ምግብ ለጀመረ፣ ስድስት ወር ለሞላው ነው። የምታጠባ እናት ግን ማሩን ብትበላ በጡቷ ለሕፃኑ አይተላለፍበትም፤ ትብላ።

ስለ ተረፈው

የበሰለ ዶሮ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ፤ በረኻ በሆነ ሞቃት አገር ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ አይቆይ። ማቀዝቀዣ ያለው ሰው ከድኖ ያስገባው፤ እስከ 3 ቀን ድረስ ይበላል፤ ሲበላም እንፋሎቱ እስኪወጣ በደንብ ይሙቅ። ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው በአንድ ማዕድ የሚያልቀውን ያህል ብቻ ይሥራ። ሌሊቱን ሙሉ በሞሰብ ላይ ያደረ ዶሮ ለልጅ ቁርስ አይሁን። «ምግብ መጣል ነውር ነው» ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ነውሩን ለማስቀረት መጠኑን አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል።

ተቅማጥ ቢይዝ

ልጅ ተቅማጥ ከያዘው ጡት አይከልከል፣ ምግብም አይከልከል። ከጤና ጣቢያ ወይም ከመድኃኒት ቤት የሚገኘው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በመመሪያው መሠረት ተበጥብጦ ጥቂት በጥቂት ይጠጣ። እርሱ እስኪገኝ ድረስ በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ 6 ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ማሟሟት ይቻላል። ጨው ከዚህ አይብዛ፤ ይጎዳዋልና። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ደም ከታየ፣ ወይም ከደከመ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ዓ.ም. ለምግብ ደኅንነት አምስት ቁልፎችን አውጥቷል። እነርሱም፤ ንጽሕናን መጠበቅ፣ ጥሬውን ከበሰለው መለየት፣ በደንብ ማብሰል፣ ምግብን በተገቢው ሙቀት ማኖር፣ በንጹሕ ውሃና በንጹሕ ጥሬ ዕቃ መሥራት ናቸው። ዛሬ በአንዲት ዶሮ ላይ አምስቱንም ሠራንባቸው።

እንግዲህ ይህን ወረቀት ወደ ቤታችሁ ስትወስዱ ለማታነብ ጎረቤት አንብቡላት። ወጥ ቤት ገብታ የምትሠራው ልጅ ወይም ሠራተኛ ከሆነች ደግሞ እርሷ ሳትሰማ እመቤቲቱ ብቻ ብታውቀው ዋጋ የለውም፤ አብራችሁ ቁሙና አንድ ጊዜ አሠርታችሁ አሳዩአት። በገበታው ዙሪያ የሚቀመጡት ሁሉ በልተው በጤና ይነሡ ዘንድ ጥንቃቄው ከመክተፊያው ይጀምር።