ቆዳ፣ ሐኪምና አስተርጓሚ፦ በሌላ ሰው ቋንቋ ስለ መታከም



በባዕድ አገር የሚኖር ሰው፣ ለምሳሌ ጃፓን ውስጥ የሚኖር ኢትዮጵያዊ፣ ለቆዳ ሕመም ወደ ሰፈሩ ክሊኒክ ሲሄድ ችግሩ ለሁላችንም ግልጽ ነው፤ ሰውየው እንግዳ ነው። ከጭሮ ወይም ከገለምሶ ተነሥቶ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል የሚደርስ፣ ከኦሮምኛ በቀር ሌላ ቋንቋ የማይናገር ገበሬም በገዛ አገሩ ይኸው እንግድነት ይገጥመዋል። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ እንግድነት ነው።

የቆዳ ሐኪም በዓይኑ ብዙ ስለሚያይ ቋንቋ እምብዛም አያስፈልገውም ብለን እንገምት ይሆናል። ሆኖም ዓይን የማያያቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ ማሳከክና መደንዘዝ። ቆዳው ላይ ፈዘዝ ያለ ምልክት የወጣበት ሰው «ያሳክከኛል» ካለ ሐኪሙ ጭርትን ሊጠረጥር ይችላል፤ «ሲነኩኝ አይሰማኝም» ካለ ግን የሥጋ ደዌ መታሰብ አለበት። ኦሮምኛ ሁለቱን ለይቶ ይጠራል፤ «ና ሆቅሲሳ» ማሳከክን፣ «ሀዶዱ» መደንዘዝን ይገልጻል። አስተርጓሚው የታማሚው ልጅ ወይም አብሮ ወረፋ የያዘ መንገደኛ ሲሆን ግን ሁለቱም «ቆዳውን ያመዋል» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ሊጠቀለሉ ይችላሉ። ከቃሉ ጋር ምርመራውም ይጠፋል። እናት ደግሞ በወንድ ልጇ አንደበት የማትናገረው የሰውነት ክፍል አለ።

የመደንዘዝ ምርመራው ራሱ በንግግር ላይ የቆመ ነው። ታማሚው ዓይኑን ይጨፍናል፤ ሐኪሙ በጥጥ ጫፍ ቆዳውን ይነካዋል፤ ታማሚው የተነካበትን ቦታ በጣቱ ያሳያል። ትእዛዙ ያልገባው ሰው በአክብሮት ራሱን ቢነቀንቅ ውጤቱ ዋጋ የለውም።

አማርኛችንም ከዚህ ችግር ነጻ አይደለም። «ለምጽ» በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም የሚያስፈራውንና ከሰፈር የሚያስወጣውን ደዌ ያመለክታል፤ ዛሬ በዕለት ንግግር ግን የማይተላለፈውን፣ ቆዳን የሚያነጣውን ሕመም እንጠራበታለን። በአንድ ቃል ሳቢያ ምንም የማያስተላልፍ ሰው ሊገለል ይችላል።

የሐረርጌ ምድር በዚህ ረገድ ታሪክ አለው። የካፑቺን ሚሲዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1901 በሐረር የሥጋ ደዌ ታማሚዎች መጠለያ መሠረቱ። በሐረርና በባቢሌ መካከል የሚገኘው የቢሲዲሞ ማዕከል ደግሞ በፈረንሳዊው ሐኪም በዣን ፌሮን ጥረትና በጀርመን የሥጋ ደዌ ረድኤት ማኅበር ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ተቋቋመ። በእነዚህ ስፍራዎች ባዕዱ ሐኪሙ ነበር። እንግድነት በሁለቱም ወገን ሊኖር እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

ዛሬ የሥጋ ደዌ እንደ ዓይነቱ በ6 ወይም በ12 ወር የጥምር መድኃኒት ሕክምና ይድናል፤ መድኃኒቱም በነጻ ይሰጣል። ከመድኃኒቶቹ አንዱ፣ ክሎፋዚሚን፣ ቆዳን ያጠቁራል፤ ጥቁረቱ ሕክምናው ካበቃ በኋላ ቀስ በቀስ ይለቃል። ይህ በሚገባው ቋንቋ ያልተነገረው ሰው ሕመሙ ባሰብኝ ብሎ መድኃኒቱን ቢያቋርጥ አይፈረድበትም። ሳይታከም የቆየ የነርቭ ጉዳት ግን ብዙውን ጊዜ አይመለስም፤ የጣትና የእግር ጉዳት የሚመጣው ከዚያ ነው።

በጭሮ ኦሮምኛ የሥራ ቋንቋ ስለሆነ ጉዳዩ ተፈትቷል የሚል ይኖራል። በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን ሐኪሞቻችን የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ የሪፈር ወረቀቱም የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ከሚኤሶ ቆላ የሚመጣ ሶማልኛ ተናጋሪም በጭሮ እንግዳ ሊሆን ይችላል።

በጃፓን ታማሚ ሐኪም ዘንድ ከመግባቱ በፊት የጽሑፍ መጠይቅ ይሞላል፤ ለባዕዳንም በልዩ ልዩ ቋንቋዎች የተዘጋጁ መጠይቆች አሉ። ከዚህ ልማድ የምንወስደው አለ። በኦሮምኛ፣ በአማርኛና በሶማልኛ የተዘጋጀ አንድ ገጽ፣ «ያሳክካል? ደንዝዟል? ከመቼ ጀምሮ? ቤት ውስጥ ሌላ የታመመ አለ?» የሚል፣ ከሪፈር ወረቀቱ ጋር ይያያዝ። ማንበብ ለማይችል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ታንብብለትና መልሱን ትጻፍለት። የቋንቋና የጤና ትምህርት ክፍሎች አብረው ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ ነው፤ ወጪው ወረቀትና ጥቂት የትጋት ወራት ነው። ገበሬው አዲስ አበባ ሲደርስ ቃሉ ቀድሞት ይደርሳል።