ሐኪሙን «ከመቶ ስንቱ?» ብለን እንጠይቅ
(ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች ከተደረገ ንግግር)



ሐኪም መድኃኒት ወይም ክትባት ሲያዝልን ብዙዎቻችን የምንወስነው በሰማነው ወሬ ነው። «የእገሌ ልጅ ተወግቶ ታመመ» ሲባል እንሸሻለን፤ «እገሊት ዳነች» ሲባል እንሮጣለን። ስንቱ ተወግቶ ስንቱ እንደ ታመመ ግን አንጠይቅም።

ይህ ጥያቄ ለሐኪሞቹም ቢሆን በቀላሉ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1721 አሜሪካ ውስጥ ቦስተን ከተማ ፈንጣጣ ገባ። ኦኔሲሞስ የተባለ በባርነት የተያዘ አፍሪካዊ፣ በአገሩ ከበሽተኛ ቁስል መግል ወስደው የጤነኛውን ቆዳ በጥተው እንደሚያስገቡ ለጌታው ቀደም ብሎ ነግሮት ነበር። ዘዴው በኢትዮጵያም ይሠራበት ነበር። ዛብዲኤል ቦይልስተን የተባለው ሐኪም ከገዛ ልጁ ጀምሮ ወደ 240 የሚሆኑ ሰዎችን እንዲህ ከተበ። ሕዝቡ «ጤነኛውን ሊያሳምም ነው» ብሎ ተቆጣ።

በኋላ ተቆጠረ። በሽታው በራሱ ከያዛቸው ወደ 6,000 ከሚጠጉ ሰዎች ከመቶ 14 ያህሉ ሞቱ። ከተከተቡት የሞቱት 6 ነበሩ፤ ይህም ከመቶ 2 ወይም 3 ነው። የስድስቱ ቤተሰቦች ኀዘን እውነተኛ ነው። ነገር ግን እነሱን ብቻ ያየ ሰው ፍርዱ ይሳሳታል።

ቆይቶም ማመዛዘኑ ይበልጥ ጠራ። እ.ኤ.አ. በ1948 በታተመ የእንግሊዝ ጥናት 107 የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን በዕጣ ተከፈሉ። 55ቱ ስትሬፕቶማይሲን እየተሰጣቸው ተኝተው ዐረፉ፤ 52ቱ ያለ መድኃኒቱ ዐረፉ። በስድስት ወር ከመጀመሪያዎቹ 4፣ ከሁለተኞቹ 14 ሞቱ። ዕጣው ያስፈለገው ሐኪሙ ደኅና የሚመስለውን እየመረጠ መድኃኒቱን እንዳይሰጥ ነው።

ወገኖቼ፣ የዛሬው ክትባት የቦስተኑ ዓይነት አይደለም፤ ጥያቄው ግን ያው ነው። በቁፓት ሖሊም እንዲህ በሉ፦ ባይደረግልኝ ከመቶ ስንቱ ይጎዳል? ቢደረግልኝስ? ሌላ መንገድ አለ? በእስራኤል የ1996 የሕሙማን መብት ሕግ ሐኪሙ ጥቅሙንና ጉዳቱን በሚገባን መንገድ እንዲያስረዳን ያዛል። ትንሽ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት፤ ዐዋቂ አስተርጓሚ ጠይቁ። ሳይገባችሁ አትፈርሙ። ሐኪምን መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ቁጥር በአንድ ልጅ ላይ የሚደርሰውን አስቀድሞ አይናገርም። ከሁለቱ መንገድ የትኛው እንደሚሻል ግን ከጎረቤት ወሬ ይልቅ አጥርቶ ያሳያል።