ጎልማሳው ተጫዋች

ሴት አቅራቢ፦ ወንድሜ፣ ዕድሜው አርባ የሞላ አባወራ ማታ ፕሌይስቴሽን ሲከፍት ብዙ ሰው «ልጅ ሆነ እንዴ?» ይላል።

ወንድ አቅራቢ፦ ይህ ፍርድ ልክ አይደለም። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ጃፓን ውስጥ የተሸጠው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ የጀመሩት ልጆች ዛሬ ወላጆች ናቸው። ቴትሪስ የተባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ በ1980ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. የሠራው አሌክሲ ፓጂትኖቭም ሞስኮ በሳይንስ አካዳሚ የሚሠራ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበር። የቪዲዮ ጨዋታ ከጅምሩም የአዋቂ ሥራ ነው።

ሴት አቅራቢ፦ ይሁን። ግን እራት ቀርቦ «ይህቺን ልጨርስ» ሲባል ሚስት ትከፋለች።

ወንድ አቅራቢ፦ እዚህ ላይ አልከራከርሽም። በኢንተርኔት ከሌሎች ጋር የሚደረግ ጨዋታ መሃል ላይ አይቆምም፤ እራት ሲደርስ አለመጀመር ነው።

ሴት አቅራቢ፦ አድማጮቻችን፣ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ከመፍረዳችሁ በፊት ሁለተኛውን ጆይስቲክ አንሱና አብራችሁት ተጫወቱ።